ለእናኑ ያልተረጎምሁላት

ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርሁም፤ ለልጄ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ «ዋሽቻለሁ አባቴ፣ ይፍቱኝ» ብዬ በደፈናው አልፌዋለሁ። እሳቸውም ደግ ሰው ናቸውና ማንን ዋሸሽ፣ ምን ብለሽ ዋሸሽ ብለው አልመረመሩኝም። ስግደት አዘዙኝ፣ ሰገድሁ። ጉልበቴ ደከመ እንጂ ሆዴ አልቀለለም። እንግዲህ ለእናንተ ልናገር። እናንተ አታውቁኝም፤ እኔም ፊታችሁን አላይም።

ቀንቼ ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም። ደግሞ በሰው ሀብት፣ በሰው ቤት ብቀና ምን ነበረበት! የቀናሁት በአንዲት ፍሬ ልጅ ነው። እኔ ትልቋ ሴት፣ በጤና ጣቢያ ነጭ ጋውን ለብሼ መርፌ የምወጋ፣ የሹም አቦ ሰፈር ሰው ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚነሣልኝ፣ ገና ጡት ባላወጣች ልጅ ቀናሁ። አይ እኔ!

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሌ የሸዋ ሰው ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። ሰናይት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችን። ሰናይት ትምህርት ከጀመረች ወዲህ አንደኛነትን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ዓመቱ ሲያልቅ ወላጅ ሁሉ ግቢው ውስጥ ይሰበሰብና ርዕሰ መምህሩ በየክፍሉ ደረጃ ያወጡትን ይጠራል። ለዚያ ቀን ብዬ ቀሚስ አሰፋ ነበር፤ ፊት ለፊት እቀመጥ ነበር። የልጄ ስም ሲጠራ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው እኔን ነዋ!

አምስተኛ ክፍል ስትደርስ የሺ መጣች። የሺ የአገው ልጅ ናት። አባቷን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲወስዱት እናቷ እናኑ ከገጠር ይዛት ባህር ዳር ገባች፤ ሐይቁ ዳር ለአሥጋሪዎች ዓሣ እየበለተች ታሳድጋት ጀመር። ልጅቷ ስትመጣ አማርኛዋ ይሰባበር ነበር፤ አፏን በከፈተች ቁጥር ክፍሉ ይስቅባታል። ሰናይትም ቤት መጥታ ስትነግረኝ ስቄያለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ርዕሰ መምህሩ «አንደኛ፣ የሺ» ሲል ሰማሁ። «ሁለተኛ፣ ሰናይት።» አጨበጨብሁ። እጄ ያጨበጭባል፣ አንጀቴ ያርራል። እናኑ ከኋላ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አየኋትና፣ እግዜር ይይልኝ፣ በዚያች ደቂቃ ጠላኋት። ቤት ስንገባ ሰናይትን «እሷ ምን በልታ ነው የበለጠችሽ?» ብዬ በጥፊ መታኋት።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙ። እኔም አገው ነኝ። ዳንግላ አጠገብ ተወልጄ፣ አክስቴ ዘንድ ከተማ የገባሁት እንደ የሺ ልጅ ሆኜ ነው፤ እንደ የሺ ተስቆብኛል። እኔ ግን አንደኛ በመውጣት አፋቸውን አላዘጋሁም፤ ቋንቋዬን ደብቄ ተገላገልሁ። ለጎረቤት የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ እል ነበር። ባሌም አልጋ ሲጋራኝ ኖሮ ከአፌ አንዲት የአገውኛ ቃል ሰምቶ አያውቅም። የሺ ከሰናይት ጋር ልታጠና እኛ ቤት ትመጣ ነበር፤ ልጆቹማ ይዋደዱ ነበር፣ ክፉዋ እኔ ነኝ። ሒሳብ ስትሠራ በአገውኛ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታሰላለች። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማታለሁ። ልጄ ገና ጥያቄውን ሳታነብ እሷ መልሱ ላይ ደርሳለች። ያ የደበቅሁት ቋንቋ በእሷ አፍ እንዲህ ሲሮጥ ስሰማ ምን ልበላችሁ፣ የሰረቀችኝ ያህል ተናደድሁ። የጣልሁት እኔ፣ የሰረቀችኝ እሷ? ቅናት ሲይዝ እንዲህ ያደርጋል።

ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ከትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ ተመርጦ አዲስ አበባ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲላክ ተባለ። ወጪው የመንግሥት ነው፤ አንድ ልጅ ብቻ። በደረጃ ቢሆን የየሺ ነበር። አስተማሪዎቹ ግን ተከፋፈሉ። «አማርኛዋ ገና ነው፣ እዚያ ሄዳ ትቸገራለች፤ ሰናይት ትሻላለች» የሚሉ ነበሩ። እኔም የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ስለነበርሁ ይህንን ወሬ ውኃ ሳጠጣው ከረምሁ። በዚያ ዓመት የተሾመልን ርዕሰ መምህር ገና ከአዲስ አበባ የመጣ ሚስት ልጅ የሌለው ጎረምሳ ነው፤ «የልጅቷን ወላጅ ሳልሰማ አልወስንም» አለ።

እናኑ በመጣች ቀን የእኔን ልጅ ነገር ላሳስብ ብዬ ቢሮው ውስጥ ተቀምጫለሁ። እጇን በአመድ አሽታ ታጥባለች፤ የዓሣው ሽታ ግን አለቀቃትም። እናኑ የገበያ አማርኛ አላት፤ ዓሣ ለመሸጥ ይበቃታል። ለልጅ መሟገት ግን ሌላ ነው። «ልጄ... እኔ... ጌታዬ...» አለችና ቆመች። ላብ አጠመቃት። አገውኛ የሚያውቀው ዘበኛው አያ አድማሱ ነበር፤ ቢጠሩት የቀበሌ ስብሰባ ሄዷል፣ ከምሳ በኋላ ይመለሳል ተባለ። ርዕሰ መምህሩም «እንግዲያው ከሰዓት ትመለስ» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ! ማንም አልጠየቀኝም። ከሰዓት ትመለስ ነበር፣ አያ አድማሱ አንድም ሳያስቀር ይነግርላት ነበር። እኔ ግን ከወንበሬ ብድግ ብዬ «እኔ ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ፤ ዳንግላ ስሠራ ለምጄው ነው» አልሁ። ያን ሁሉ ዘመን የደበቅሁትን አፌን ለክፋት አወጣሁት። ለደግ ነገር አንድ ቀን እንኳ ሳላወጣው!

በቋንቋችን ሰላም ስላት እናኑ ፊቷ በራ። «እታለም፣ የእኛ ሰው ነሽ ለካ!» ብላ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ መናገር ጀመረች። እኛ ዘንድ እናት ልጇን ሰው ፊት አታሞግስም፤ ዓይን ይበላታላ። አስቀድማ ታንቋሽሻለች። እናኑም እንደ ወጉ «እንትፍ! ይቺ ምን ልጅ ናት! ድስት ጥዳ የምታሳርር፣ ዝንጉ፣ ራሷ ባዶ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ይህ ለዓይን ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ አስተካክለሽ ንገሪልኝ። አሁን የምለውን ግን አንድም እንዳታስቀሪ። አማርኛ ሳታውቅ መጥታ አብረውት የተወለዱትን ቀደመች በያቸው። ደብተሯን አንድ ጊዜ ካየች አይጠፋትም። ለሥራ ትፈልጋታለች ብለው እንዳያስቡ፤ እኔ ብቻዬን ዓሣ ስበልት እኖራለሁ። ካላመኑኝ አሁኑኑ ይጥሯትና የፈለጉትን በቃል ይጠይቋት። አባቷ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። እኔ ያለችኝ እሷ ናት፣ ግን ይውሰዷት።»

እንዲህ ነው ያለችው። ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞርሁ። እናኑ እንዳይገባት በቢሮ አማርኛ፣ ፈጠን ፈጠን እያልሁ «እናትየዋ እንደሚሉት ልጅቷ ዝንጉ ናት፣ የቤት ሥራ እንኳ በቅጡ አይሆንላትም፣ የአእምሮ ብስለትም የላትም» አልሁ። በቃ፣ እዚያ ላይ አቆምሁ። እሱ ደንግጦ «ሌላስ?» አለኝ። «እንደ ፈቀዳችሁ ብለዋል ጓድ» አልሁ። እሱ ምን ያድርግ? የእናት ስድብ መጠበቂያ መሆኑን ማን አስተምሮት! «የገዛ እናቷ ተስፋ ከሌላት...» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እናኑ ራሱን ሲነቀንቅ አይታ አዘነልኝ ብላ ፈገግ አለች።

ውጭ ስንወጣ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። «አፍ ሆንሽኝ» አለችኝ። በማግስቱ ትልቅ የቆሮሶ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። ተቀበልሁ፣ ጠበስሁት፣ በላነው።

ሰናይት ሄደች። ተማረች፣ ሰው ሆነች። እሷ ምንም አታውቅም፣ አትንኩብኝ።

ብዙ ጊዜ ለራሴ እንዲህ እል ነበር፤ እኔ ምን ዋሸሁ? ያለችውን ነው የተናገርሁ፤ ጨርሼ አልተረጎምሁም እንጂ የሌለ አልጨመርሁም። ውሸት! «እንደ ፈቀዳችሁ» ማን አለ? ደግሞስ ግማሹን የዋጥሁት ረስቼ ነው? እያወቅሁ ነው የዋጥሁት። ይህም ትንሹ ነው። ትልቁን እስካሁን አልነገርኋችሁም።

ርዕሰ መምህሩ ሊያጽናናት ብሎ ነው መሰለኝ፣ ለየሺ «እናትሽ ራሷ ገና አልበሰለችም ብላናለች፣ አትዘኚ» ብሏታል። የሺ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። ባሌ ማዕድ ላይ ነው። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች በአገውኛ ጠየቀችኝ። «እናቴን ስጠይቃት ‹እሱን ያልሁት ለዓይን ነው፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ለምኛለሁ› ትለኛለች። እውነት ለምናለች?»

ባሌ ከውስጥ «ምንድን ነው የምትለው ልጅቷ?» አለ። አዎ ብላት የሠራሁት ሁሉ ይወጣል። መስማቱን ዳንግላ ስሠራ ለምጄው ነው እላለሁ፤ በአገውኛ አቀላጥፌ ብመልስላት ግን ማንነቴ ይወጣል። አዎ ማለት ይህን ያህል ከባድ ነበር? ልጅቷ አዳሪ ትምህርት ቤቱን አልጠየቀችኝም እኮ፤ ሰናይት ሄዳለች፣ ያ አልቋል። የጠየቀችኝ እናቷን ነው። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በአማርኛ፣ ባሌ እንዲሰማ ጮክ ብዬ «እናትሽ ሌላ ምንም አላለችም። ሂጂ አሁን» አልኋት። አላለቀሰችም። «እሺ ሲስተር» አለችኝ፣ በአማርኛ፣ አንድም ሳይሰበርባት።

ከዚያ ወዲያ ለእናቷ በአገውኛ አልመለሰችም። እናኑ ሐይቁ ዳር ስታገኘኝ ታለቅስብኝ ነበር። «ልጄ ውሸታም አለችኝ፤ በቋንቋችን ሳናግራት በአማርኛ ትመልስልኛለች። እታለም፣ አንቺ ነበርሽ፣ ሰምተሻል፤ ንገሪልኝ እንጂ!» ትለኛለች። «እነግራታለሁ» እላታለሁ። አልነገርኋትም። ዛሬ ነገ ስል የሺ ትምህርቷን ተወች። ከዚያ በጀልባ ከሐይቁ በስተሰሜን ወዳለችው ጎርጎራ ተሳፈረች ተባለ፤ ከጎርጎራ ወዴት እንደሄደች የነገረን የለም። እናኑ ከሰሜን የሚመጣ ጀልባ በቆመ ቁጥር ቢላዋዋን አስቀምጣ ትሮጥ ነበር። በኋላ ሳምባዋን ታመመች። መርፌውን የምወጋት እኔ ነበርሁ። እጄን ይዛ «ከአንቺ በቀር ሰው የለኝም» እያለች በእጄ ሞተች። ያኔም አልነገርኋትም። ማን ይሰማኝ ነበር? ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ዘመኑ ነው እንዳልል፣ አፌን የያዘኝ ደርግ አልነበረም። የእናት ፍቅር ነው እንዳልል፣ እናኑም እናት ነበረች። ስለዚህ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር የምትለኝ ሞታለች፣ ሌላዋ የት እንዳለች አላውቅም። ምናልባት ግን በአንዱ ከተማ ትኖር ይሆናል፤ ያን አማርኛዋን ይዛ ይህንን ታነብ ይሆናል። የሺ፣ እናትሽ ለምናለች። ቆማ፣ ላብ እያጠመቃት፣ እኔ ፊት ለምናለች። እናትሽ አልዋሸችሽም። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።