ዓሦቹ የጾሙበት ኅዳር

ሰሞኑን ረፋድ ላይ ፒያሳ ወርጄ መቀመጥ ልማድ አድርጌያለሁ። እኔ የማውቃት ፒያሳ ግማሿ ፈርሳለች። በፈረሰው ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የድንጋይ አግዳሚ ወንበርና ዓሣ የሚዋኝበት ገንዳ ተሠርቷል። ስለ ፈረሰው የሚያወራ ሰው ስለማይጠፋ እኔ ዝም እላለሁ። ገንዳውን ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ወድጄዋለሁ። ዓሦቹ ኮይ የሚባሉት የጃፓን ዓሦች ናቸው፤ ቀይ አሉ፣ ነጭ አሉ፣ ወርቅማም አሉ። ሰው ዙሪያቸውን ከቦ በስልኩ ያነሳቸዋል፤ ፈንዲሻም ይበትንላቸዋል።

ባለፈው ማክሰኞ እኔም ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ዳቦ ቆረስኩላቸው። ምሳ ዕቃውን የምታደርስልኝ ልጄ ሜሮን ናት። ባለቤቴ በክረምቱ ካረፈ ወዲህ በየማለዳው ወደ ሥራ ስትሮጥ ደጄ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ማታ ደግሞ ደውላ «እማ፣ በላሽ?» ትለኛለች፤ «በላሁ» እላታለሁ። ዳቦውን ልጥል እጄን ስዘረጋ የገንዳው ጠባቂ፣ ኮፍያ ያደረገች ቀጭን ልጅ፣ ጠጋ አለችኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብርዱ ስለገባ ምግብ አይሰጣቸው ተብለናል።»

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ይህንኑ ነገር እኔ ራሴ፣ በዚያች ልጅ ዕድሜ ሳለሁ፣ ለአባቴ ነግሬው አውቃለሁ።

ቤታችን ከዚህ ገንዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ውቤ በረሃ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪና አጥባቂ የወንጌል አማኝ ነበር። የወንጌል አማኝ በዚያ ሁሉ ቡና ቤት መሐል ምን ይሠራል ለሚለው ሰው መልሱ ዝግጁ ነበር፤ ሐኪም የሚኖረው በሽተኛ ያለበት ነው ይል ነበር። ግቢውን የምንጋራው ከእትዬ ለተብርሃን ጋር ነው። እትዬ ለተብርሃን ከአዲግራት መጥተው አትክልት ተራ አካባቢ ቅቤና ቅመም የሚነግዱ፣ ቅዳሴ የማያመልጣቸው ኦርቶዶክስ ነበሩ። እሳቸውና አባዬ ስለ ሃይማኖት አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም፤ አንድም ቀን ተኳርፈውም አያውቁም።

ግቢው መሐል፣ ከኮክ ዛፉ ሥር፣ ቤቱን ያሠራው የድሮ ነጋዴ ያስቀረው ክብ የድንጋይ ገንዳ ነበር። እናቴ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃ ጃፓናዊ ነበሩና ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዓሦቻቸውን በባልዲ አድርገው ሰጧት። የሠፈሩ ሰው መጥቶ አየና የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይበላል ወይ? እማዬ ግን እንደ ልጅ ነው ያሳደገቻቸው። ትልቋ ሰውነቷ ነጭ ሆኖ አናቷ ላይ ብቻ ክብ ቀይ ነገር ነበራት። ባርኔጣ አልናት።

መስቀል ሲያልፍ የእማዬ ሥራ ይጀመራል። ክረምቱ ያወረደውን ቅጠልና ጭቃ ከገንዳው ሥር በወንፊት ታወጣለች። ውሃውን በአንዴ አትለውጠውም፤ ጥቂት ትደፋና በበርሜል አድሮ የመድኃኒቱ ሽታ የወጣለትን የቧንቧ ውሃ ትጨምርበታለች። ከዚያ ዓሦቹን አንድ በአንድ ወደ ሳፋ አውጥታ ክንፋቸውን፣ ሆዳቸውን፣ የሚተነፍሱበትን የጉንጫቸውን ሥር ታገላብጣለች። ቁስል ያየችበትን በጨው ውሃ ታቆየዋለች። ምግባቸውንም በጥቅምት ወደ ለስላሳ የስንዴ ንፍሮ ታወርደውና ኅዳር ሲገባ ጭራሹን ታቆመዋለች። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሆዳቸውም ይተኛል፣ በተኛ ሆድ ላይ ምግብ መጫን ማሳመም ነው ትለኝ ነበር። እኔ ሳፋ እይዛለሁ፤ አባዬ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነባል። ከጋዜጣው ቀና ብሎ ሲያያት ሁልጊዜ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብላ ነበር የሚያገኛት።

እኔ አምስት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት በተቀጠርኩበት ዓመት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ እማዬ አረፈች። ብዙም አልታመመችም። የእድሩ ድንኳን ከገንዳው አጠገብ ተተከለ። ለቅሶ ደራሹ እንደ ወጉ እዝኑን ተሸክሞ መጣ፤ ዳቦው፣ አልጫው፣ ምስሩ ግቢውን ሞላው። ዓሦቹ የሰው ጥላ ሲያዩ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። አንዲት ሴት አየቻቸውና «እነዚህስ ቢሆኑ እናታቸው ሞታባቸው የለ» ብላ ዳቦ ቆርሳ ጣለችላቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ገንዳው አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ ሲጎርስ እነሱንም ያጎርሳል።

ድንኳኑ ተነሳ፤ ምግቡ ግን መምጣቱን አላቋረጠም። ከቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ ከጎረቤት ይመጣል፣ ከሁሉም በላይ ከእትዬ ለተብርሃን ቤት ይመጣል። ጥቅምት ሲብት ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያሉ ቅቅል ይልኩ ጀመር። ጠዋት ስወጣ ለአባዬ ምሳውን ከድኜለት እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘዋለሁ። በላህ ስለው በላሁ፣ ተመስገን ይለኛል። እትዬ ለተብርሃንም ጋሽ ተስፋዬ እግዜር ይመስገን ምግብ አልዘጋቸውም እያሉ ለገበያተኛው ሁሉ ያወራሉ። አባዬ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼዋለሁ። እርጅና ነው አልኩ።

የዚያን ዓመት ብርዱ ቀድሞ ገባ። ጠዋት ጠዋት አፋችን ይጨሳል፤ የኮኩ ቅጠል ገንዳው ላይ ይረግፋል፤ የእማዬ ወንፊት ግን ከተሰቀለበት አልወረደም። ላወርደው ስል እጄ አልሄድ አለኝ። ውሃው እየደፈረሰ መጣና ይሸት ጀመር። ዓሦቹ ጎናቸውን ከድንጋዩ ጋር ይፈትጋሉ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከዓሦቹ አንዱ፣ ወርቅማው፣ ሞቶ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ባርኔጣም ክንፏ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር በቅሎባት፣ ወደ ጎን ዘመም ብላ ድንጋዩን ተደግፋ ነበር።

አባዬ የሞተውን በእጁ አወጣና ከኮኩ ሥር ቀበረው። እጁን ሳይታጠብ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«እሷ የተወችልኝን እንኳ ማቆየት አቃተኝ» አለ።

ድምፁን ስሰማ ፈራሁ። ባርኔጣ ከሞተች አባዬም እንደማይቆይ የዚያን ዕለት ልቤ ነገረኝ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ቀሚሴን ወደ ላይ ሰበሰብኩ፣ ወንፊቱን አወረድኩና ገባሁ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። በመጀመሪያው ወንፊት ቅጠል መጣ፤ በሁለተኛው ድንችና ካሮት፤ በሦስተኛው ምኑን ከምኑ የማይለዩት የተልፈሰፈሰ እንጀራ። የግቢው ልጆች ናቸው ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ። ቀጥሎ የወጣው ግን ሕምባሻ ነው። እትዬ ለተብርሃን ለአባዬ ብቻ የሚጋግሩት፣ ፊቱ ላይ ጌጥ ያለው ሕምባሻ፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ራሴ በሳህን ያቀረብኩለት፤ አንድም ጥርስ አላረፈበትም።

እግሬን ውሃው ውስጥ እንደነከርኩ ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። ቀበቶው ትዝ አለኝ።

«አባዬ፣ ምሳህን የሚበላው ማነው?»

ለመዋሸት አልሞከረም። «አፌ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድልኝም» አለ። «እንዳልመልሰው ሰው ያዝናል፤ እንዳልደፋው ደግሞ የእግዜር ምግብ ነው። እነሱ ደስ ብሏቸው ይበሉታል። እሷም ስታበላቸው ነው የኖረችው።»

«እማዬ እኮ በዚህ ወቅት አታበላቸውም ነበር።»

«እንዴት አታበላቸውም? በየቀኑ እዚያ ቁጭ ብላ አይደል የማያት?»

«ውሃው ሲቀዘቅዝ ምግብ ያሳምማቸዋል። አታበላቸውም።»

«ታዲያ ምን ታደርግ ነበር?»

«ታያቸው ነበር» አልኩት። «ዝም ብላ ትጠብቃቸው ነበር።»

አባዬ ፊቱን በጭቃ እጁ ሸፈነ። በለቅሶው ሰሞን ሰዎቹን የሚያጽናናው እሱ ነበር፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም አለቀስኩ። ብርዱ ነው ያስነሳን።

ለእትዬ ለተብርሃን መንገሩ ጨንቆኝ ነበር፤ ያ ሁሉ ልፋታቸው ለዓሣ ገብቶ መቅረቱን ማን ደፍሮ ይናገራል? አባዬን ልብስ ይለውጥ ብዬ አስገባሁና ሄጄ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አጣፉ።

«ጓለይ» አሉኝ በአገራቸው ቋንቋ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምግብ አመላለስን እንጂ ማን አብሯቸው ተቀመጠ? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይባላል፤ እኛ ሳህኑን ሰጥተን ሰውን ነፈግናቸው።»

ከዚያ ተነሱ። ከሱቃቸው አሞሌ ጨው አመጡ፤ ምንም ሳይጨመርበት ከአፋር የመጣ ንጹሕ ጨው ነው አሉ። አባዬ በሙቀጫ ወቀጠው። ለስንት ባልዲ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ፣ የሂሳብ አስተማሪነቱ ከሐዘኑ ሥር ብቅ ሲል ታየኝና ደስ አለኝ። እማዬ ታደርግ የነበረውን እያስታወስኩ ሳፋውን አዘጋጀሁ። ባርኔጣን በሁለት እጁ ይዞ ጨው ውሃው ውስጥ የቆየው እሱ ነው። «ልቧ ይመታል» አለኝ ቀስ ብሎ፣ የሚቀሰቅሳት ይመስል። በማግሥቱም፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ አደረግን፤ ገንዳውን አጠራን፤ በርሜሉን ፀሐይ ላይ አወጣን።

ምግቡ ቆመ፤ የዓሦቹ ማለቴ ነው። የአባዬ ተጀመረ። ቀን ቀን ከአምስት ኪሎ በእግሬ እወርዳለሁ፤ እትዬ ለተብርሃንም ሱቃቸውን ለሰው አደራ ብለው ይመጣሉ። ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ፀሐዩ በሚያርፍበት በኩል፣ በአንድ ትሪ እንበላለን። መጀመሪያ መጀመሪያ እኛ ስንጎርስ እሱ እንጀራውን ይቆርሳል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ዓሦቹ መጥተው አፋቸውን ሲከፍቱለት እንደ ባለዕዳ ፊቱን ያዞራል። ጨካኝ አደረጋችሁኝ ይለን ነበር።

ኅዳር ሲጋመስ የነቢያት ጾም ገባ። የዚያን ዕለት እትዬ ለተብርሃን ሽሮ ሠርተው መጡና ገንዳውን አየት አድርገው፣ «ጋሽ ተስፋዬ፣ ዓሦችዎ ከእኔ ጋር ጾም ገቡ። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አሉት።

አባዬ ቀና አለ። «ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ስትሉ ዘመናችሁን ጨረሳችሁ። አሁን ዓሣው ራሱ ሲጾም ምን ልትሉ ነው?»

እትዬ ለተብርሃን እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አባዬም ሳቀ፤ እማዬ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነው። እትዬ ለተብርሃን አፉ እንደተከፈተ አገኙትና በሽሮ የተጠቀለለች ጉርሻ ከተቱለት። አላመጠ። ሁለታችንም ጉሮሮውን እናያለን። ወረደ። ሁለተኛዋን ራሱ ጠቀለለ።

ባርኔጣ ግን ገንዳው ሥር ተኝታ ቀረች። ኅዳርን ሙሉ፣ ታኅሣሥንም ሙሉ አልተንቀሳቀሰችም ማለት ይቻላል። ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ነገር ጠፍቷል፤ ነገር ግን ተኝታ ይሁን እየሞተች የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። አባዬ ጋዜጣውን ትቶ እማዬ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ መቀመጥ ጀመረ። እጁ ባዶ ነው። ያያታል። አንድ ቀን፣ ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር እዚህ ተቀምጬ አላውቅም አለኝ፤ ከዚህ ሲታይ ግቢው ሌላ ነው አለኝ።

ጥምቀት አልፎ ፀሐዩ ውሃውን ሲያሞቀው፣ አንድ እሑድ ባርኔጣ ወጣች። ቀይዋ ክብ ከውሃው በላይ ብቅ አለችና አፏን ከፈተች። አባዬ ተጣራና ሮጬ መጣሁ። መዳፉ ላይ ለስልሶ የበሰለ የስንዴ ንፍሮ ይዟል፤ ለካ በየቀኑ እያበሰለ ሲጠብቃት ኖሯል። እንደ ተማሪ አየኝ።

«ይቻላል?»

«ይቻላል» አልኩት።

ባርኔጣ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረች። አባዬም ልጄን ሜሮንን አቅፎ ገንዳውን እስኪያሳያት ቆየ።

ማክሰኞ ዕለት ጠባቂዋን አመሰገንኳትና ዳቦውን ወደ ምሳ ዕቃው መለስኩ። ልጅቷ እንዳኮረፍኩ መስሏት ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ግን የማየው ምሳ ዕቃውን ነበር፤ ከዳቦው በቀር ምንም አልተነካም። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናትም እንዲሁ ነበር፤ አንዳንዱን ለገንዳው፣ አንዳንዱን ለመንገድ ውሻ። አባዬ አፌ ውስጥ ይዞራል ያለው ምን ማለት እንደሆነ በሃያዎቹ ዕድሜዬ የገባኝ መስሎኝ ነበር። አልገባኝም ኖሯል። ምግቡ አይደለም የማይወርደው፤ ከፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሳህን የሚልክልን ሰው ስለሚወደን ነው የሚልከው፤ እኛም ስለምንወደው በላሁ እንለዋለን። እንዲህ እየተዋደድን ሰው ይከሳል።

ስልኬን አውጥቼ ሜሮን መሥሪያ ቤት ደወልኩ።

«እማ? ደህና ነሽ?»

«አልበላሁም» አልኳት። «ሰሞኑን ሁሉ አልበላሁም።»

ከኋላዋ የቢሮው ጫጫታ ይሰማኛል።

«የት ነሽ?»

«ፒያሳ። ዓሦቹ ጋ።»

«መጣሁ» አለች።

ምሳ ዕቃውን ከደንኩ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁላት፣ ዓሦቹን እያየሁ ጠበቅኋት።