ባዶ ተራ

ጋሼ ታፈሰ እንደ ጎረቤት ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅዳሜን ካልቆጠርንበት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ዘግቶ አንዲት ድምፅ ይነፋል። ዘፈን አይደለም፣ መዝሙርም አይደለም፤ አንዲት ድምፅ። ዝም ይልና እንደገና ያችኑ ይነፋታል። የምንኖረው አማን ከተማ ነው፤ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር፣ መሐላችን ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። እኔ በእግር መኪናዬ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሱ ይነፋል። ሲመረኝ ግድግዳውን በመቀሴ እጀታ እደበድብበታለሁ። እሱ ጭራሽ "ሰርካዲስ፣ እባክሽ መኪናሽን ትንሽ አቁሚልኝ፤ ድምፁ እየገባብኝ ነው" ይለኛል። የእኔ መኪና እንጀራዬ ነው፤ የእሱ ጡሩምባ ምኑ ነው?

አንድ ቀን ንዴቴ ገነፈለና በሩን ገፍቼ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ታብሌት፣ እግሩ ሥር ደግሞ ውኃ የሞላ ሳፋ። ሳፋው ውስጥ የተለያየ ቁመት ያላቸው አምስት የቀርከሃ ቱቦዎች ይርሳሉ።

"ይሄ ሁሉ ንፊያ ለሠርግ ነው ለቀብር?" አልኩት።

"ለቀብር" አለኝ።

"የማን?"

"የእኔ።"

ተቀመጥኩ።

ጋሼ ታፈሰ የሸዋ ቤንች አካባቢ ሰው ነው። ዕድሜውን የፈጀው ግን ቴፒ፣ የቡና መፈልፈያ ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ቀኝ ጆሮውን ወስዶበታል፤ ሊያናግረው የፈለገ ሰው በግራው ይቆማል። ጡረታ ሲወጣ ወደ መንደሩ አልተመለሰም። ሚስቱ ታማ ለሕክምና ሲመላለሱ እዚህ ግቢ ተከራዩ፤ እሷ ስታርፍ እሱ ቀረ። ልጁ ሮዳስ ሐዋሳ ናት። ታብሌቱን የላከችለት የልጅ ልጁን ፊት እንዲያይበት ነበር። ያገለገለ ታብሌት ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ሙዚቀኛ ሳይሆን አይቀርም፣ ሙዚቃ መሥሪያና ድምፅ መቅጃ መተግበሪያ ሞልቶበት ነው የመጣው። ኔትወርኩ የልጁን ፊት ቆራርጦ ያመጣና አፉ እንደተከፈተ ያቆመዋል። ሮዳስም ሥራ ይበዛባታል። እያደር የቪዲዮው ነገር ተረሳና መተግበሪያዎቹ ብቻ ቀሩት።

የቀብሩን ነገር ያን ዕለት ነው የነገረኝ። በእነሱ መንደር አንድ ሰው ብቻውን ዜማ አይነፋም። አምስት ሰዎች አምስት ቀርከሃ ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ የጣት ቀዳዳ የለውም። ዜማው የሚወጣው አንዱ ነፍቶ ሲያቆም ሌላው ተቀብሎት፣ እሱም ለሚቀጥለው ሲሰጥ ነው። ከአምስቱ አንዱ ሲሞት የቀሩት ቀብሩ ላይ ያንኑ ዜማ ይነፉለታል። የሟቹን ተራ ግን ማንም አይነካውም፤ ባዶ ይተዉለታል። ከሩቅ ያለ ሰው እንኳ የጎደለችውን ድምፅ ለይቶ ማን እንደሞተ ያውቃል።

ከአምስቱ መጀመሪያ ሁለቱ ወንድማማቾች ሞቱ፣ ከዚያ ቲቶ፣ በመጨረሻ ፍቅሩ። ፍቅሩ የጋሼ ታፈሰ የልብ ወዳጅ ነበር፤ በዜማውም ከእሱ ቀጥሎ የሚገባው ፍቅሩ ነው። የፍቅሩ ቀብር ላይ ጋሼ ታፈሰ ብቻውን ቆመ። የራሱን ነፋ፤ የአራት ሰው ተራ ዝም ብሎ ጠበቀ፤ እንደገና የራሱን ነፋ። ለቀስተኛው ገና የሚጀምር መስሎት ይጠብቃል። ልጆች ሳቁ። አንድ ሽማግሌ ቀርበው "በቃ፣ ካልሆነልህ ተወው" አሉት።

"እኔ ግን ጨርሼ ነበር" አለኝ። "ሙሉውን ነው የነፋሁለት። የሰማኝ ግን የለም።"

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እኔ ስሞት ያችም አንዷ የለችም። ባዶ ተራ እንዲተውልኝ መጀመሪያ የሚነፋ ሰው መኖር አለበት" ይላል። የወንድሙን ልጆች ሊያስተምር ሞክሮ ነበር። ልጆቹ ቀርከሃውን አገላብጠው አዩና "ሌሎቹ ድምፆች የታሉ?" አሉት። "ሌሎቹ ሌሎቹ ሰዎች ጋ ናቸው" ሲላቸው ሳቁበት። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ጊታርና ኪቦርድ አላቸው፤ በአንድ ድምፅ ምን ያድርጉ?

ስለዚህ ወደ ታብሌቱ ዞረ። መጀመሪያ መተግበሪያው ውስጥ ካሉት ድምፆች ዋሽንት የሚመስል ፈለገ። ሞልቷል፤ ግን ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም ጣፋጭ። "እነዚህ ትንፋሽ አያልቅባቸውም" ብሎ ተዋቸው። ቀርከሃ አስመጥቶ አምስቱን በትዝታው ልክ ቆረጠ፤ አንድ በአንድ እየነፋ ቀዳቸው። የተቀዳችው ድምፅ ስክሪኑ ላይ ጣት ባረፈባት ቁጥር መልሳ ትጮኻለች። ተራቸውን ጠብቆ ሲነካካቸው ዜማው ወጣ። አንድ ሰው፣ በአንድ ጣት፣ የአምስት ሰው ዜማ።

ደስ ይለዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። ለካ መተግበሪያው እያንዳንዷን ንክኪ እንደ ትንሽ ሳጥን ይደረድራትና ከመስመር የወጣችውን ሳይጠየቅ ወደ መስመሯ ይመልሳታል። ጋሼ ታፈሰ እንደዚያ ቀን ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። "ፍቅሩን በሰዓቱ አስገባብኝ!" አለኝ። "ፍቅሩ በሰዓቱ ገብቶ አያውቅም!"

እያንዳንዳቸውን በጉድለታቸው ነበር የሚያስታውሳቸው። ወንድማማቾቹ በመሬት ተኮራርፈው የኖሩ ናቸው፤ ታላቅየው ሳይጨርስ ታናሽየው አፉ ላይ ይገባበታል። ቲቶ የተጣላ ሰው ይመስል በኃይል ነው የሚነፋው። ፍቅሩ ደግሞ ይዘገያል፤ ብዙ አይደለም፣ ሰውን ለማሳሰብ ያህል። ጋሼ ታፈሰ ያን ወደ መስመር የሚመልሰውን ማቃኛ ፈልጎ አጠፋውና ሳጥኖቹን በጣቱ እየገፋ ያዛባቸው ጀመር። የማሽን ሠራተኛ ጣት ወፍራም ነው። ትንሽ አብዝቶ ሲገፋት ፍቅሩ ሰካራም ይሆናል፤ ሲመልሳት ፍቅሩ ይጠፋል። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜውን በዚህ ፈጀው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መቅዳት ስለማይሆንለት እስኪያባራ ታብሌቱን አቅፎ ይቀመጣል። የቲቶ ድምፅ ሥር የእኔ መኪና ይሰማል። እንደገና ቅዳው ስለው "ይሁን፣ ጎረቤት ነሽ" አለኝ።

አንዳንዴ አራቱን ያጠፋና ፍቅሩን ብቻውን ያዳምጠዋል። "ብቻውን ሲሆን ፍቅሩ የለም" አለኝ አንድ ጊዜ። "አንድ የቀርከሃ ድምፅ ነው። የሚዘገየው ከእኛ ጋር ሲሆን ነው።" ይህን ሲለኝ እኔም ራሴን አሰብኩ። ግቢው ውስጥ ቁጡ ነኝ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው፤ ግን የምቆጣው ሰው ሲኖር ነው። ባሌን ፈትቼ እዚህ ከገባሁ ወዲህ እሁድ እሁድ በሬን ዘግቼ ስውል ቁጡ አይደለሁም፤ ምንም አይደለሁም። እሱ ግን ጉድለታቸውን የሚያውቅላቸው አራት ሰዎች ነበሩት። የእሱን ጉድለት የሚያውቅ ማን ቀረ?

ሥራው አለቀ። አሁን የቀረው ቀብሩ ላይ የሚጫነው ሰው ነው። "እኔ እጫነዋለሁ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ "አንቺ የቱ እንደጎደለ አታውቂም። ለአንቺ ሁሉም ያው ነው።" ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነው። ሮዳስ ከሐዋሳ እስክትደርስ ቀብሩ ያልቃል። የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ አለ፤ የፍቅሩ ሚስት፣ እማማ የምሥራች። ከቀብሩ ወዲህ ግን ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም፤ እሳቸውም ልጆች የሳቁበትን ቀን አይተዋላ። ብቻውን መሄድ ስለከበደው እስከ መንደሩ ተከትዬው ሄድኩ።

እማማ የምሥራች ከቤታቸው በረንዳ ላይ ኮረሪማ ይፈለፍላሉ። ቀና ብለው አዩትና በቤንችኛ አንድ ነገር አሉት። እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ ዞሩ።

"አሁን መጣህ፣ አልኩት። ሰው ሲሞት ቤቱም ይሞታል?"

የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልን። ጋሼ ታፈሰ አልበላም። ታብሌቱን አወጣና ምንም ሳይናገር ነካው። ዜማው ጀመረ። ታላቅየው ገባ፣ ታናሽየው አፉ ላይ ገባበት፤ እማማ የምሥራች ሳቁ። ቲቶ ጮኸ። ጋሼ ታፈሰ ገባ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ያቺ ዘግይታ የምትመጣው ድምፅ ገባች። የአሮጊቷ እጅ ኮረሪማው ላይ ቆመ።

"ፍቅሩ ነው" አሉ። "መቼ ቀዳኸው?"

"አልቀዳሁትም። እኔ ነኝ የነፋሁት።"

"አንተ አይደለህም!" ተቆጡት። "አንተማ ትቸኩላለህ።"

"እኔ?"

"አንተ! ፍቅሩ ሊዘገይ ነው ብለህ ፈርተህ፣ ሳይደርስህ ትገባለህ። ቲቶ በዚህ ሲሰድብህ ነበር፤ በአንተ ፊት አይደለም። ስማው፣ እዚህም ቸኩለሃል።"

ጋሼ ታፈሰ ግራ ጆሮውን ወደ ታብሌቱ አስጠግቶ ሰማ። የሌሎቹን ሲገፋና ሲመልስ የከረመ ሰው የራሱን አንድም ቀን አልነካትም፤ ልክ ናት ብሎ ነበር የተዋት። እውነትም ቸኩሏል። ፊቱ ላይ የታየውን ነገር ሐዘን ነው ልበል ደስታ አላውቅም፤ ብቻ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አሁን እኔን አጠፋለሁ" አለ። "ስሞት እንዲህ ነው የሚሆነው።"

ነካው። ዜማው እንደገና ጀመረ። ታላቅየው፣ ታናሽየው፣ ቲቶ። ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታ ረዘመ፤ የተበላሸ መሰለኝ። በመጨረሻ ፍቅሩ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ገባ። በየዙሩ እንዲሁ ነው፤ ዝምታ፣ ከዚያ ፍቅሩ።

ዜማው ሲያልቅ እማማ የምሥራች "ፍቅሩ ይጠብቅሃል" አሉት።

ጋሼ ታፈሰ የመጣበትን ጉዳይ ነገራቸው። ቀብሩ ላይ እንዲጫኑለት ነው። ቀርከሃውን ሴት አትነካም ነበር፤ "ይሄ ግን ቀርከሃ አይደለም፣ ስልክ ነው" አላቸው።

"ስልክ አለኝ እኮ" አሉና ከጉያቸው ባለ ቁልፍ ስልክ አወጡ። ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል። ጋሼ ታፈሰ የራሱ ተራ ባዶ የሆነበትን ዜማ ካርዱ ላይ ገልብጦ፣ ካርዱን ከታብሌቱ አውጥቶ ስልካቸው ውስጥ ከተተላቸው። የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ አሳያቸው። አንዴ ተጫኑ፣ ጮኸ፤ ገባቸው። ጋሼ ታፈሰ ትልቅ ሸክም ያወረደ ሰው ሆነ። ጎደሬውን አንስቶ መብላት ጀመረ። እኔም መኪና ሳያመልጠን እንሂድ ብዬ ተነሣሁ።

እማማ የምሥራች ግን ስልካቸውን እያገላበጡ ናቸው።

"አንተ ያለህበትስ?"

"እሱን አልገለበጥኩም" አለ ጋሼ ታፈሰ። "ለቀብር አያስፈልግም።"

"እስክትሞት ምን ልሰማ ታዲያ?"

ጋሼ ታፈሰ የያዘውን ጎደሬ ሳህኑ ላይ መለሰው። ስልኩን ተቀብሎ ካርዱን ለማውጣት ጀርባውን ሊከፍት ሞከረ፣ አቃተው፤ እንደገና ሞከረ። ተቀብዬ ከፈትኩለት።