ከአባቴ ጋር ያቀድነው የጃፓን ጉዞ

ልጅ እያለሁ እሁድ ከሰዓት የእኔና የአባቴ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ እንደበላን፣ ውጭ የላስ ቬጋስ ፀሐይ አስፋልቱን ሲያቀልጥ፣ እኛ ሎን ማውንቴን የሚባለው ኮረብታ አጠገብ በተከራየናት ቤት ሳሎን ምንጣፉ ላይ በሆዳችን እንተኛለን። ፊታችን ቶኪዮ አጠገብ ያለ የአንድ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ካርታ ይዘረጋል።

አባቴ አየር ማረፊያ ውስጥ መራመድ የሚቸግራቸውን መንገደኞች በዊልቼር እየገፋ እስከ አውሮፕላኑ በር ያደርስ ነበር። ካርታውን የሰጡት አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው። ኪሱ ውስጥ የሚይዘውን የእኔን ፎቶ ሲያሳያቸው ቦርሳቸውን ከፍተው፣ "ለልጅህ" አሉት። ካርታው ሲዘረጋ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። ጽሑፉን ሁለታችንም ማንበብ አንችልም፤ ሥዕሉ ግን ይበቃን ነበር።

"መጀመሪያ የት እንግባ?" ይለኛል።

"ከፍ ዝቅ የሚለው ባቡር!"

"እሱ ላይ አንቺ ውጪ። እኔ ታች ሆኜ ቦርሳሽን እይዛለሁ።"

ሶፋውን ጀልባ እናደርገዋለን፤ ወንበሮች ደርድረን ወረፋ እንሠራለን። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ አባቴ መንገድ ዘግቶ፣ "እመቤት፣ ተራዎን ይጠብቁ!" ይላታል። እሷም በያዘችው ማንኪያ ታስፈራራዋለች። ጠዋት ባቡር፣ ከምሳ በኋላ ጀልባ፣ ማምሻውን የፓርኩን የትርኢት ሰልፍ ማየት እያልን ደብተሬ ላይ ጻፍን፣ ሰረዝን፣ እንደገና ጻፍን። እንዲህ እያልን አንድ ዓመት አለፈ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ሀብታሞች የሚበዙበት ሰፈር፣ ሰመርሊን ያለ ትምህርት ቤት ገባሁ። አዲሶቹ ጓደኞቼ ቤታቸው መዋኛ ያለው፣ በየዓመቱ የሆነ አገር ሄደው የሚመጡ ነበሩ። አንድ ቀን ሁለቱ የክፍል ሥራ ልንሠራ እኛ ቤት መጡ። አባቴ ሺፍቱን ጨርሶ በዩኒፎርሙ እንዳለ ገባ። ፊቱ በርቷል።

"ጃፓን! በዚህ ሰመር እንሄዳለን!" አለ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛው።

ልጆቹ ተያዩ። አንዷ አፏን በእጇ ሸፈነች። ፊቴ እሳት ሆነ።

"ሲቀልድ ነው" አልኳቸው በእንግሊዝኛ። "የትም አንሄድም። እሱ ዊልቼር ነው የሚገፋው።"

አባቴ ሳቀ። "አዎ፣ ስቀልድ ነው" ብሎ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ቧንቧ ሲከፍት ሰማሁ፤ የተዘጋው ብዙ ቆይቶ ነው። በቀጣዩ እሁድ ምንጣፉ ላይ አልተኛም። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅልል አለኝ።

ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው እናቴ የነገረችኝ። "ጓደኞችሽ የመጡ ቀን አባትሽ የገባው ለጃፓኑ ጉዞ ዕረፍት ተፈቅዶለት ነበር። ፓስፖርታችንም ደርሶ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተወው?"

"'ልጅቷ አፍራብኛለች፤ ሰው አገር ወስጄ ላሳቅቃት አልፈልግም' አለኝ። በነጋታው ዕረፍቱን ሰርዞ ሥራ ገባ።"

አሁን የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። እዚያው ፓርክ ልወስዳት ነው። ቲኬቱንም ሆቴሉንም በምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤት ቁጭ ብዬ በስልኬ ቡክ አደረግሁ። ያኔ ዓመት የፈጀብን ነገር ሃያ ደቂቃ አልወሰደም፤ በሃያው ደቂቃ ውስጥ ግን አንዴም አልሳቅሁም።

ባለፈው ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ብርቱካን እየላጠ ነበር።

"አባዬ፣ ጃፓን አብረኸን ና።"

"ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ! እናንተ ሂዱ። ልጅቷን አዝናኛት።"

እንደ ምንም ራሴን አደፋፍሬ፣ "አባዬ፣ ያኔ ጓደኞቼ ፊት ያልኩት ነገር..." አልኩ።

"የቱ?"

"ጃፓን እንሄዳለን ብለህ የገባህ ቀን።"

ቢላዋው ለአፍታ ቆም አለ። "አላስታውሰውም" አለኝ።

ልጅ እያለሁ የሚያስበውን ሁሉ ከፊቱ አነብ ነበር። አሁን እንዲህ አጠገቡ ተቀምጬ፣ የእውነት ረስቶት ይሁን ለእኔ ብሎ፣ መለየት አቃተኝ። የላጠውን ብርቱካን ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። ተቀበልኩና በላሁ።