ስምንት ታብሌት፣ ስምንት ቤት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ካሳራኒ

ከካሳራኒው ክፍሌ የወጣሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የነሐሴ መጨረሻ ነበር፤ በዚህ ወር የናይሮቢ ሰማይ ግራጫ ነው፣ ሹራብ ያስለብሳል። በቦርሳዬ ሁለት ቻርጀር፣ የራሴ ታብሌት፣ አንድ ደብተርና የስምንት ቤተሰብ አድራሻ ይዣለሁ። እስከ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስምንቱንም ቤት ማዳረስ ነበረብኝ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ፓንጋኒ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነው። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተጣሉ ስልኮችን እየፈታሁ እየገጠምኩ የለመድኩት ነው። የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ቲቸር ሶስና ዓመት ሙሉ ለለጋሾች ስትጽፍ ከርማ ለስምንት ተማሪዎቿ ስምንት ታብሌት አገኘች። መዳፍ የምታህል፣ በቀጭን ብዕር ጫፍ የምትነካ፣ መጽሐፉንም ደብተሩንም በአንድነት የያዘች ኮምፒውተር ናት። ከዚያ በፊት አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ነበር የሚያነቡት። ለነሐሴ ዕረፍት ልጆቹ ታብሌቶቹን ወደየቤታቸው ወሰዱ። ሰኞ ትምህርት ሲከፈት የለጋሾቹ ተወካይ መጥታ ልጆቹ በራሳቸው የጻፉትን ልታይ ነው። የምታየው ካላሳመናት ታብሌቶቹ ተሰብስበው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ።

ዓርብ ከሰዓት ጎረቤቴ አቶ ግርማ የልጁን ታብሌት «አልከፈት አለ» ብሎ አመጣልኝ። ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ሲነሳ ቀኑን የፈረንጆቹ ዓመት የመጀመሪያ ቀን አድርጎ ያሳያል፤ ልክ ከካርቶን እንደወጣ ዕለት ማዕዘኖቹን በብዕር እንድነካለት ይጠይቀኛል። ባዶ ነው። የእነዚህ ታብሌቶች ጠባይ እንዲህ ነው፦ ባትሪያቸው ጨርሶ ካለቀ የያዙትን ሁሉ ይረሳሉ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ለወላጆች የተሰጠውን የአያያዝ ወረቀት የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ነጥብ አለው፤ ከውኃ ይራቅ፣ ከሕፃናት ይራቅ፣ ከተማሪው በቀር ማንም አይንካው ይላል። በየሦስት ቀኑ ቻርጅ ይደረግ የሚል ግን የለበትም። ማንም የሚያውቀው ነገር መስሎኝ ነበር።

መጽሐፎቹ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስላሉ መልሼ እጭናቸዋለሁ። ልጆቹ የጻፉት ግን ከታብሌቶቹ ሌላ የትም የለም። ትምህርት ሲከፈት እገለብጠዋለሁ ብዬ ነበር።

እዚያው ካሳራኒ ያለው ሁለተኛው ቤት ሦስት ሕንፃ አልፎ ነው። አያትየው ታብሌቱን ከጋቢ ውስጥ ጠቅልለው አወጡልኝ። የጣት አሻራ እንኳ የለበትም። ሞቷል። ሁለት ብዬ በደብተሬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ቀትር፣ ሁርሊንግሃም

በቲካ መንገድ ወደ ከተማ የሚወስደው ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ሠላሳ ሺሊንግ ነበር፤ ካፊያ ስትጀምር ረዳቱ ሃምሳ አደረገው። አንዲት ሴትዮ ዝናቡን አንተ ነህ ወይ ያዘነብከው ብላ ብትሞግተው፣ አይደለሁም፣ ግን የምታመልጪው በእኔ መኪና ነው አላት። ሁላችንም ሳቅንና ሃምሳ ሃምሳችንን ከፈልን። ቀበቶ ማሰር ግዴታ ከሆነ ወዲህ አሥራ አራት ሰው ብቻ ስለሚጫን ጉልበቴን ማጠፊያ ቦታ አገኘሁ። ከተማ ወርጄ 46 ቁጥር ማታቱን ያዝኩ።

እትዬ የሺ በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት፤ የምትኖረውም ከጀርባው ነው። ልጇ ናሆም ከስምንቱ አንዱ ነው። በስልክ «ዕቃው እንደተሰጠኝ ነው፣ አታስብ» ብላኝ ነበር። ሳሎን አስገብታ የቡፌውን መስታወት በቁልፍ ከፈተች። ታብሌቱ ከወርቅ ቅብ ስኒዎቹ ጎን፣ በልኩ በተሠራ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል።

«አንድ ቀን አላስነካሁትም» አለችኝ። «ናሆም ሲያለቅስ እንኳ እንቢ ነው ያልኩት። የሰው አደራ ነው።»

ዳንቴሉን አውልቄ ቁልፉን ተጫንኩ። ከዚያ ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ ማዕዘኖቼን ንካልኝ አለ። እንዴት እንደምነግራት አላወቅሁም። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ለዚህም ነው ወረቀት የምጽፈው።

«ዕቃው ደህና ነው» አልኳት። «ናሆም የጻፈው ነው የጠፋው።»

«ማን ነክቶት?»

«ማንም። ካልተነካ ነው የሚጠፋው።»

ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅሁት፣ ሳሚ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንተ አንብበኸው የለ? ጻፍለታ። ሕፃን የጻፈውን ማን ያውቃል?»

መጻፍ እችል ነበር። ናሆም ከዕረፍቱ በፊት በእንግሊዝኛ የጻፈው ስለ ግብ ጠባቂ ነው፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል መጀመር እንደረሳ እንኳ አስታውሳለሁ። የስምንቱንም ስህተት በቃሌ አውቃለሁ። ግን ተወካይዋ ልታይ የመጣችው ልጆቹን ነው። አይሆንም አልኳት። አልተቆጣችም፤ ፍልሰታ ከተፈታ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ሥጋ ሳትበላ ከቤቴ አትወጣም ብላ ጥብስ አስቀረበችልኝ። ሂሳብ ስጠይቅ ገላመጠችኝ።

ሁርሊንግሃም ውስጥ ሁለት ቤት ይቀረኝ ነበር። የአንደኛው ታብሌት ቁም ሣጥን ላይ ሻንጣ ውስጥ ተቆልፎበታል። የሁለተኛው ፍራሽ ሥር፣ ከፓስፖርቶቹና ከስደተኝነት ወረቀቱ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ አባትየው ፖስታውን ሲሰጠኝ በሁለት እጁ ነው። አምስት።

እሑድ፣ ኢስሊና ኢምባካሲ

በማግስቱ ኢስሊ ሄድኩ፤ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ ነው የገባሁት። ቁርሴ ቻፓቲ የሚሉት አንድ ቂጣና ባቄላ ከሻይ ጋር፣ ሠላሳ ሺሊንግ። እዚያ ያሉት ሁለት ቤቶች ከሌሎቹ አልተለዩም፤ አንዷ እናት እንዲያውም ቤቴ ሌባ ይገባበታል ብላ ታብሌቱን ለፓስተሩ በአደራ ሰጥታዋለች። ሰባት።

ለቲቸር ሶስና ደወልኩ። ለለጋሾቹ የላከቻቸውን ደብዳቤዎች በእጇ ጽፋ አንድም ስህተት እንዳይቀር እንዳርምላት የሰጠችኝ ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ስምንተኛው?» አለችኝ።

«የቤቲ ነው። ኢምባካሲ። የአባቷ ስልክ ከዓርብ ጀምሮ ዝግ ነው።»

«ሂድ እስቲ።»

ወደ ኢምባካሲ ስንቃረብ አውሮፕላኖች ከማታቱ ጣሪያ በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ ግራና ቀኙ መጋዘን ነው። የቤቲ አባት አቶ ታምራት ከነዚህ መጋዘኖች በአንዱ የአየር ጭነት ያወርዳል፤ ሥራው የሌሊት ነው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሚያረፍዱ ደረጃው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኳቸው። ሲመጡ አባትየው ቦርሳዬን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ልትወስደው ነው የመጣኸው» አለኝ።

ስልኩን ለምን እንደዘጋ ስጠይቀው መብራት ከዓርብ ጀምሮ ጠፍቶ ነው አለኝ። ወደ ውስጥ ገባን። ቤቲ ታብሌቱን ከትራሷ ሥር አወጣችው። ፊቱ በብዕር ተቧጭሯል፣ አንዱ ጠርዙ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተጣብቋል፣ ከኋላው ላይ የሻይ እድፍ አለበት። በየቤቱ ካየኋቸው ሁሉ የከፋው ነው። ቁልፉን ተጫንኩ፤ በራ።

«ባትሪው ሎው ነው» አለች ቤቲ። «ዳዲ እየተጠቀመበት ነው።»

«ቤቲ» አላት አባቷ።

«እውነት ነው፣ ዳዲ። ኤቭሪ ዴይ።»

አቶ ታምራት ወረቀቴ ላይ ከተማሪው በቀር ማንም አይንካው እንደሚል ማንበቡን ነገረኝ። ከሥራ ሲመለስ ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ታስጠናዋለች፤ ተራ በተራ ይጽፋሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። «ጠርዙንም የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ከእጄ ወድቆ። እሷን እንዳትቀጡብኝ፣ ወንድሜ።»

የባትሪው ምልክት ቀይ ነበር፤ መብራት እስካለበት ድረስ ይዤው ብሄድ መንገድ ላይ ሊሞት ይችላል። ግን ሁለት ታብሌቶች ግንባር ለግንባር ከተያዙ በማይታይ ጨረር መቀባበል ይችላሉ፤ ከተንቀሳቀሱ ወይም ፀሐይ ከመታቸው ይቋረጣል። መጋረጃውን ዘጋን። ቤቲ የእሷን፣ እኔ የእኔን ይዘን ጠረጴዛው ላይ ክንዳችንን አስደግፈን ተቀመጥን። የሚያልፈው አንድ ገጽ በአንድ ጊዜ ነው። አባትየው ቆሞ ይቆጥራል፤ አውሮፕላን ሲያልፍና ጠረጴዛው ሲርገበገብ በሁለት እጁ ይጫነዋል። ሃያ ሦስት ገጽ ነበር። ሃያ አንደኛው እንዳለፈ የቤቲ ታብሌት ጨለመ።

«ሁለቱ ምን ነበሩ?» አልኳት።

«ሥዕል ነው» አለች። «ዳዲ ሲያንኮራፋ።»

ሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት

ተወካይዋ ሚስ ዋምቡይ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደረሰች፤ እርጋታ ያላት ኬንያዊት ናት። ስምንቱ ታብሌቶች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ ሰባቱ ያብለጨልጫሉ፣ የናሆም ዳንቴሉን እንደለበሰ ነው። ቲቸር ሶስና ነገሩን አልሸፋፈነችም፤ የሰባቱ ልጆች ጽሑፍ ጠፍቷል፣ የቀረው የአንዷ ነው አለች። ተወካይዋ ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀች። ሶስና ጥፋቱን በራሷ ላይ ልታደርግ አፏን ስትከፍት አየኋት።

«የእኔ ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጎልቶ ወጣ። ወረቀቱን ሰጠኋትና አሥራ ሁለቱን ነጥብ አነበብኩላት፤ የጎደለውንም ነገርኳት። ቤተሰቦቹ ያልኳቸውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ እንደፈጸሙ፣ የጠፋውም በዚሁ እንደሆነ ነገርኳት። ስለ ቡፌውና ስለ ፓስፖርቶቹ ስነግራት ፈገግ አለች፤ የእኔ እናትም ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልላ ነው የምትይዘው አለች።

ከዚያ ከእኔ ታብሌት ላይ የቤቲን ገጾች አነበበች። አራተኛው ላይ ቆመች፤ የእጅ ጽሑፉ ሌላ ነው፣ የትልቅ ሰው ነው፣ ፊደሎቹ ይንጋደዳሉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ስሜ ታምራት ነው። ሌሊት ሣጥን አወርዳለሁ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አሁን አነብበዋለሁ።» ከሥሩ ቤቲ በቀይ «ጎበዝ» ብላ አርማለታለች።

ይህ ማን ነው ስትል ቤቲ አንገቷን ደፋች። አባቷ ነው፣ የከለከልኩትም እኔ ነኝ አልኩ።

ሚስ ዋምቡይ ታብሌቱን አስቀመጠችና ለሶስና ነገረቻት። እስከ ተርሙ መጨረሻ ይቆያሉ፤ ያኔ የስምንቱንም ጽሑፍ ታያለች፣ ሰባት ባዶ ካገኘች ግን ትወስዳቸዋለች። ወደ ቤትም መሄዳቸውን ይቀጥሉ፣ ግን በየቤቱ እየዞረ ሰው ፊት ለፊት የሚያስረዳና የሚገለብጥ ያስፈልጋል። «ማን ይሄዳል?» አለች።

ሶስና በሳምንት ስድስት ቀን ታስተምራለች። ዞር ብላ አላየችኝም፤ እንደምፈራ ታውቃለች።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

ወደ ካሳራኒ

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሌ ደረስኩ። ዝናብ ስላልነበረ ማታቱው ሠላሳ ሺሊንግ ነበር።

ናይሮቢ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በሦስቱ ዓመት ውስጥ የሰው ቤት ገብቼ የተቀመጥኩባቸውን ቀኖች በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥራቸዋለሁ፤ በሁለት ቀን ሰባት ቤት ገባሁ። ሰዎቹ የሰጠኋቸውን ወረቀት ከእኔ አብልጠው አክብረውት ነበር። አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ብነግራቸው ኖሮ ቢያንስ አንዳቸው «ባትሪውስ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር፤ ወረቀት ግን አይጠየቅም። አቶ ታምራት ያልታዘዘው ስለደፈረ አይደለም፤ ፈርቶም ቢሆን እንግሊዝኛ ማንበብ ስለፈለገ ነው። ይህን የምጽፈው ሌሎች ትምህርት ቤቶች ውስጥ እንደ እኔ ዕቃ አስረካቢ የሆኑ ካሉ እንዲያነቡት ነው።

ተርሙ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቤት ብሄድ ሁሉንም ሦስት ጊዜ አዳርሳለሁ። ፕሮግራሙን በደብተሬ አወጣሁና ደወልኩ። ሐሙስ እትዬ የሺ ዘንድ ነኝ፤ ናሆም ስለ ግብ ጠባቂው እንደ አዲስ ጀምሯል፣ ስትመጣ ምሳ በልተህ እንዳትመጣ ብላኛለች።