ለአንድ እጅ የተሠራ መደገፊያ

ከሚሴ ውስጥ ፎቅ ቤት ሲሠራ የደረጃ መደገፊያ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ግድግዳው ይለሰናል፣ የውጭ በሩ ይቀባል፣ መስኮቱ መስታወት ይገባለታል፤ ደረጃው ግን ጎኑ ክፍት እንደሆነ ዓመት ያልፈዋል። ለምን ብለህ ስትጠይቅ፣ ልጆቹ ሲመጡ ይመርጡታል ይሉሃል። ልጆቹ ዓረብ አገር ናቸው። ቤቱ የእነሱ ላብ ነውና መልኩንም የሚመርጡት እነሱ ናቸው። እስከዚያው ቤት የሚጠብቁት አሮጊት እናት ግድግዳ እየዳበሱ ይወጣሉ፣ አለዚያም ፎቁን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በያጅ ነኝ። ወደ ሰንበቴ በሚወስደው መውጫ በኩል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን የደረጃ መደገፊያ ነው። ሰዎች ነገረኛ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። አንዱ ፎቶ ይዞ መጥቶ ብረቱ በአግድም እንዲደረደርለት ሲጠይቀኝ፣ ቤትህ ሕፃን አለ ወይ እለዋለሁ። አለ ካለኝ፣ ታዲያ ለልጅህ መሰላል ነዋ የምታሠራለት፣ ወጥቶ እንዲወድቅልህ ነው ወይ እለዋለሁ። ብረቱ ቁም መሆን አለበት፤ በመካከሉም የሕፃን ጭንቅላት ማለፍ የለበትም። አንዳንዱ ይስማማል፤ አንዳንዱ እያጉረመረመ ወደ ሌላ በያጅ ይሄዳል። ይሂድ።

አንድ ጊዜ ባለጉዳይ የሚበዛበት አንድ መሥሪያ ቤት ለጥገና ተጠርቼ ሄድኩ። መደገፊያው ከመጨረሻው ደረጃ በፊት ያልቃል። ሽማግሌ ሰው ሲወርድ እግሩን አያይም፤ ብረቱ ከእጁ ሲያልቅበት ደረጃውም ያለቀ ይመስለዋል፣ ከዚያ እግሩ አየር ይረግጣል። ብረቱን ቀጥዬ መሬት ድረስ አወረድኩት። በየቤቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መደገፊያው ጥሬው ኮንክሪት ላይ ተለክቶ ይተከላል፤ ኋላ ገንዘብ ሲገኝ እምነበረድ ይደረብበታል። ወለሉ ከፍ ሲል ብረቱ ያጥራል፤ ወገብ ድረስ የነበረው ጭን ላይ ይቀራል። ያኔ የሚወቀሰው በያጁ ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። ልጄ አዲስ አበባ ነው። ይደውላል፣ ደህና ነህ ወይ ይላል፣ ደህና ነኝ እለዋለሁ፣ ይዘጋል። ሥራ ላይ ስሆን የግራይንደሩ ጩኸት ያዘናጋኛል። መብራት የጠፋ ቀን ግን ጆሮዬ ጭው ይላል፤ ከብረቱ ጋር ማውራት እጀምራለሁ። አልዋሽም፣ ይከብደኛል። ሰው ለማነጋገር ስል ብቻ የማያስፈልገኝን ምስማር ልገዛ ገበያ የወረድኩበት ቀን አለ።

አረፋ ሲቃረብ ነው አንዲት አሮጊት እናት ያስጠሩኝ። ቤታቸው ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው በኩል ነው፤ ልጃቸው ከሳውዲ እየላከች ያሠራችው ባለ አንድ ፎቅ ነው። ደረጃው ከቤቱ ጎን ውጭ ላይ ነው፣ መደገፊያ የለውም። እሳቸው ታች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ላይኛው የልጃቸው ነው፤ አልጋው ከነላስቲኩ እንደተጠቀለለ ነው።

የኛ አገር ሰላምታ በዋዛ አያልቅም። እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ አንተ የሳቸውን እጅ ትስማለህ፣ እሳቸው ያንተን ይስማሉ። በኦሮምኛ አካም ቡልቴ፣ ነጋ፣ እንዴት አደርክ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ አልሐምዱሊላህ እየተባለ ጥያቄው እስኪያልቅ እጅ አይለቀቅም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አባቴ በሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሰላምታዬ ግን የዚሁ አገር ነው። እና እጃቸውን ይዤ ስለ ዝናቡ ስመልስላቸው አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ጣቶቻቸው አይታጠፉም። ቁርጥማት ነው። አጥብቀው የያዙኝ መስሏቸው ነበር፣ ግን እጄ በእጃቸው ውስጥ እንዲያው ተቀምጧል እንጂ አልተያዘም። ሰው እጄን ከያዘኝ ስንት ጊዜዬ ነበርና፣ እሱም ቢሆን ደስ ብሎኝ ነበር።

ነገሩን ቁጭ ብለው አጫወቱኝ። ክረምት ላይ ከደረጃው ተንሸራተው ወደቁ። እሳቸው ደብቀው ነበር፣ ጎረቤት ነው ለልጅቷ የነገራት። ልጅቷም ደውላ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ ለአረፋ እመጣለሁ፣ በዓይኔ አያለሁ፣ በገዛ ቤትሽ ብቻሽን መውጣት መውረድ ከቻልሽ እመለሳለሁ፣ ካልቻልሽ ግን ሁሉንም ትቼ አንቺው ጋ እቀራለሁ አለች። ባልና ልጆች እዚያው ሳውዲ አሏት። አሁን መደገፊያ የፈለጉት ለዚህ ነበር። ልጃቸው ስትመጣ ደረጃውን ብቻቸውን ወጥተው ሊያሳዩዋት ነው።

እኔ አላስቻለኝም። ኧረ እማማ፣ ምን ነካዎት፣ ልጅ ልቅር ስትል እንዴት ሂጂ ይባላል አልኳቸው። ሰው ያጣ ሰው ነኝና ትንሽ ድምፄንም ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። ከኔ ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ቢወጣ፣ እንኳን ደረጃ ልወጣ፣ ሆን ብዬ አልጋ ላይ በተኛሁ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ሰሙኝና የነጠላቸውን ጫፍ እያስተካከሉ እንዲህ አሉ።

«እኔ ያለ ልጅ መቀመጥ ለምጄዋለሁ። የሷ ልጆች ግን ያለ እናት አይልመዱ።»

ሜትሬን አውጥቼ ደረጃውን መለካት ጀመርኩ።

በማግስቱ ልጅቷ ፎቶ ላከችልኝ። ስቴንለስ ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ወፍራም ቱቦ። ቆንጆ ነው፣ አይካድም። ከሩቅ አገር ሆና ለእናቷ የሚያምረውን ነው የመረጠችው። ግን በዚያ እጅ እንደማይያዝ አወቅሁ። ፎቶውን እያየሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። የታዘዝኩትን ብሠራ ማን ይወቅሰኛል? እናትየው መውጣት ያቅታቸዋል፣ ልጅቷ ትቀራለች፣ ያ ቤት ሰው ይሞቀዋል። ያን ቀን መብራት አልነበረም፤ ሥራ ፈትቼ ይህንኑ ሳመነዥክ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ግን ያ አጥብቆ የያዘ የመሰለው እጅ ትዝ አለኝ። ሴትየዋ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልይዘው የምችለው ነገር ሥራልኝ ነው ያሉት። ለልጅቷ ደውዬ እናትሽ እጅ ላይ ሞክሬ የሚሆነውን ልሥራ አልኳት። አንተ ታውቃለህ አለች፣ ቅር እንዳላት ግን ድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

ከወዳደቀ ብረት የተለያየ ውፍረት ያላቸውን ቁርጥራጮች በማዳበሪያ ይዤ ሄድኩ። ወፍራሙን ሳስይዛቸው ሳቁብኝ፤ ዘነዘና ልታስይዘኝ ነው እንዴ አሉኝ። ባለ ማዕዘኑን ሲይዙ ፊታቸው ተጨማደደ፣ ጠርዙ መገጣጠሚያቸውን ወጋቸው። እየቀነስኩ እየቀነስኩ ሄጄ አንዱ ቀጭን ድቡልቡል ቱቦ ላይ ስንደርስ አውራ ጣታቸው ዞሮ ከሌላው ጣት ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሳብ አደረግሁት፤ አልለቀቁኝም። ደግሜ ሳብኩት። ይሄ ነው አልኩ።

እምነበረዱ ተገዝቶ ጓሮ ተደርድሮ ነበር። እሱ ሳይነጠፍ አንድ ብረት አልተክልም ብዬ አስቸገርኩ፣ ነጣፊው በሆዱ እየሰደበኝ ጨረሰው። ከዚያ መደገፊያውን ከመጀመሪያው ደረጃ ቀደም ብሎ እንዲጀምር፣ ከመጨረሻውም አልፎ እንዲሄድ አድርጌ ተከልኩ። ቱቦውን የሚሸከሙትን ማቀፊያዎች ከሥር በየድኳቸው፤ ከጎን ቢሆኑ እጅ እየተደናቀፈ መልቀቅ ግድ ይሆንበታል፣ የሳቸው እጅ ደግሞ አንዴ ከለቀቀ መልሶ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። ብየዳውን በሞረድ አለስልሼ አለስልሼ በመዳፌ ዳበስኩት። ጥቁር ቀለም የከሚሴ ፀሐይ ሲያርፍበት እጅ ስለሚያቃጥል ነጭ ቀባሁት። እናትየው ነጭ ቀለም የሆስፒታል ይመስላል ብለው አሾፉብኝ፤ ግን ወደዱት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይለማመዱ ነበር። እኔም አንድ ነገር ረሳሁ እያልኩ እሄዳለሁ። ከታች ቆሜ አያለሁ፣ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው ይነሳሉ፣ ግማሽ ላይ ቆመው ያርፋሉ፣ ይቀጥላሉ። ሲወርዱ እጄን ይዘው ያመሰግኑኛል። እነዚያ ቀናት ደስ ይሉኝ ነበር።

ልጅቷ በአረፋ ዋዜማ ገባች። እኔም ተጠርቼ ነበር። ግቢው በዘመድና በጎረቤት ሞልቷል፣ ከሰንበቴ የመጣው ሙክት ጥግ ላይ ታስሯል። ልጅቷ መደገፊያውን ዓይታ ለኔ ቀና ብላ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ፣ ይሄ ቀጭን አልሆነም ወይ አለች። መልስ ሳልሰጥ እናትየው ተነሱ። ማንም እንዳይከተላቸው በእጃቸው ምልክት አሳዩ። ብረቱን ያዙና ወጡ፤ ግማሽ ላይ እንኳ አላረፉም፣ እዚያ ላይ ያርፉ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ላይ ደርሰው እጃቸው ብረቱን ተከትሎ ወለሉ ላይ እስኪቆሙ ድረስ አለቀቀም። ከዚያ የልጃቸውን ክፍል መስኮት ከፈቱ። ልጅቷ ከታች ሆና ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ሳቀች፤ ወደኔ ዞራ እጅህ ይባረክ አለችኝ። ሁሉም መረቀኝ። እኔ ግን ጥሩ ሥራ ሠርቼ እንደዚያ ቀን ከፍቶኝ አያውቅም።

በዓሉ አለፈ። የምትሄድ ዕለት ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት እናትየው ተሰናብተዋት ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ላይ ወጡ፣ አስፋልቱን እስከ ጥግ ድረስ ለማየት። አንድ እጃቸው ብረቱ ላይ ነበር፣ አንዱን ያወዛውዙ ነበር። መኪናው ከዓይን ከጠፋ በኋላም ማወዛወዙን አልተዉም። ሰው ተበተነ፣ እኔም ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ የምሄድበት ሰበብ አልነበረኝም። ሥራው አልቋል። ባጃጅ ይዤ በዚያ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ አያለሁ፤ አንዳንዴ ላይ ተቀምጠው ይታዩኛል። ከላይና ከታች ሆኖ ደግሞ እጅ አይያያዝም፤ አንገት ብቻ ይነቀነቃል።

ብዙ ሳይቆይ ሰው ላኩብኝ። መደገፊያው ቀለሙ ተነስቷል፣ መጥተህ እየው አሉ። ተናደድኩ፤ ቀለሜ እንዲህ ቶሎ የሚነሳ አይደለም። ቡርሽና ጣሳ ይዤ ሄድኩ። ሰላም ተባባልን፣ ዝናቡም ከብቱም ተጠየቀ፣ ከዚያ ብረቱን ከታች እስከ ላይ ዳበስኩት። ምንም የለውም። ደግሜ ዳበስኩት።

«የቱ ጋ ነው የተነሳው እማማ?»

ደረጃው ላይ ተቀመጡና መዳፋቸውን አዩት።

«ከሄደች ወዲህ» አሉ፣ «ካንተ ብረት በቀር እጄን የያዘኝ የለም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አፈርኩ። የኔም እጅ እንደዚያው መሆኑን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እሱን ትቼ ጣሳውን ከፈትኩ። ደህናውን ብረት፣ የኔኑ ደህና ቀለም፣ ከላይ ጀምሬ ቀስ ብዬ እንደገና ቀባሁት። እሳቸው አጠገቤ ሆነው ስለ ልጅቷ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ፤ እኔም ስለ ልጄ አወራኋቸው። ስጨርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ቀለሙ እርጥብ ነውና እንዳይነኩት፣ መድረቁን ነገ መጥቼ አያለሁ አልኳቸው።