ጨርቅ የሌለበት ስፌት

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ከዝናቡ ሥር የእግር ስፌት መኪና ድምፅ የሚመጣ ይመስለኛል። ዛሬ በግቢዬ መኪናም ሰፊም የለም፤ ድምፁ ግን ጥቂት ይሮጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይሮጣል፣ እኔም የያዝሁትን ሥራ ትቼ አዳምጠዋለሁ።

ያደግሁት መካነ ኢየሱስ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለ ግቢ ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለ ሞተ፣ ሰው ሁሉ እትዬ የሺ የሚላት እናቴ ጥጥ እየፈተለችና ከአጥሩ ጥግ ያለችውን አንዲት ክፍል እያከራየች ታሳድገኝ ነበር። ተከራያችን ጋሼ ሰይድ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። በገበያ ቀን መኪናውን አሸክሞ ወደ ገበያ ይወርዳል፣ በሌላው ቀን ከክፍሉ ሆኖ ይሰፋል፣ እኔም መኪናውን እየሰማሁ አጠና ነበር።

ገብሱ ተወቅቶ ጥምቀትና የጥር ሠርግ ሲቃረብ፣ ከገጠር የሚመጣው ሁሉ ቀሚስና እጀ ጠባብ ስለሚያሰፋ፣ መኪናው ከንጋት ጀምሮ ይሮጥ ነበር። በጋው አልፎ ዝናብ ሲጥል ግን የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፣ ልብስ የሚያሰፋም ይጠፋል። እናቴ ይህን ሁሉ በጆሮዋና በዓይኗ ትከታተል ነበር። «ተከራይ ሲቸግረው አፉ ሳይናገር ግቢው ይናገራል» ትል ነበር፤ ከሰል በማዳበሪያ ይገዛ የነበረው በሳህን ሲገዛ፣ ጮክ ብሎ ሰላምታ ይሰጥ የነበረው ጫማውን በእጁ ይዞ ሲያልፍ፣ እሷ ቀድማ ታውቀዋለች።

ስምንተኛን በጨረስሁበት ዓመት ዘጠነኛ ክፍል በከተማችን ስላልነበረ፣ ለመማር ደብረ ታቦር ወርጄ ቤት መከራየት ነበረብኝ። ያ ቤት የሚከፈለው ደግሞ ጋሼ ሰይድ በሚሰጠን ኪራይ ነበር። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም ተጋመሰ፣ ኪራዩ አልመጣም። መኪናው ግን ቀኑን ሙሉ ይሮጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከስማዳ የመጣችው አክስቴ ነገሩን ሰምታ ተቆጣች።

«እየሠራ ነው እኮ የሚከለክልሽ! በሩን ንቀይበት። ብርድ ሲገባው ገንዘቧን የት እንዳስቀመጣት ያስታውሳል።»

በር መንቀል ያኔ የተለመደ ነበር፤ የጎረቤታችን ተከራይ በር በሌለው ቤት ጆንያ ሰቅሎ ሲያድር በዓይኔ አይቻለሁ።

«እስቲ ስሚው» አለቻት እናቴ።

«ምኑን ልስማው?»

«አያርፍም።»

«እንዲያ ከሆነማ ከእኛ በላይ ሀብታም ነዋ!» ብላ አክስቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በልቤ እኔም በሩን ነቅዬበት ነበር።

በማግሥቱ ዝናቡ ሲወርድ ጋሼ ሰይድን በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁት። እግሮቹ መርገጫውን ይረግጣሉ፣ መርፌዋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ከሥሯ ግን ምንም ጨርቅ የለም። እሱ ግድግዳውን እያየ ነበር። እየሮጥሁ ሄጄ ለእናቴ ነገርኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ እንዝርቷን ሳታቆም። «የሚሰፋ መኪና ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፣ ጨርቁ ይዞራል፣ መቀስ ይነሣል። ይሄ ከሐምሌ አቦ ወዲህ አልቆመም። እየሠራ ነው እንድንለው ነው የሚደክመው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የሰው ሐፍረት ገልጬ ምን አገኛለሁ?»

በሚቀጥለው ጧት ለደንብ ልብሴ ያስቀመጠችውን ካኪ ከሣጥን አውጥታ፣ እኔን አስከትላ፣ ገና ከግቢው መካከል ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችው።

«ሰይድ! ሥራ እንደበዛብህ አውቃለሁ፤ ይቺን የልጄን ጣልቃ አስገባልኝ።»

«ምን ገዶኝ እትዬ የሺ» አለ፣ በሩን እየከፈተ።

እሷም ደጃፉ ላይ ቆማ፣ የረሳችው ነገር ድንገት ትዝ እንዳላት ሁሉ፣ «የኪራዩን ነገር፣ ያንተ ደንበኛ ገበሬ ነው፤ የገበሬ እጅ የሚፈታው እህል ሲወቃ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር አልጠይቅህም፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት እጥፍ ትሰጠኛለህ» አለችው። ጋሼ ሰይድ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ትከሻዬን ሁለት ጊዜ ለካ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ሮጠ፣ ቆመ፣ ሮጠ፣ ቆመ። እናቴ ቀና ብላ ሰማችና ወደ ፈትሏ ተመለሰች።

መስከረም ሲጠባ አንድ ቁና ገብስ ይዘን በአውቶብስ ደብረ ታቦር ወረድን። አከራይዋ ወይዘሮ ደስታ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። እናቴ አልዋሸቻቸውም። «እኔም አከራይ ነኝ፤ የኔ ተከራይ የሚከፍለኝ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። እስከ ጥር ይታገሡኝ» አለቻቸው።

«ኧረ ጉድ! አከራይ ተከራይ ሆና መጣች!» ብለው ሳቁ። «ባይከፍልሽስ?»

«ከአስተርዮ ማርያም በፊት ካልመጣሁ ልጅቱን ይስደዱልኝ።»

ያን በጋ የትምህርቴ ዕድሜ በጋሼ ሰይድ መኪና ላይ እንደ ተሰቀለ አውቄ፣ የወይዘሮ ደስታን ግቢ ሳቋርጥ ጫማዬን በእጄ እይዝ ጀመር። አንድ ጧት ወይዘሮ ደስታ ከደጃፋቸው ሆነው፣ «ልጄ፣ ጫማሽን አድርጊ። ውርጭ ነው፤ ጥርም ገና ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ተጫምቼ አልፍ ነበር።

ጥምቀት ባለፈ ማግሥት እናቴ አቧራ ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። ገንዘቡን ከመቀነቷ ፈታ ለወይዘሮ ደስታ ሰጠችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ሰይድ የሠርግ ልብስ በዝቶበት በመኪናው እንቅልፍ ነሣኝ» አለች፣ እንደ ምታማርር ሆና። አሥራ ሁለተኛን የጨረስሁት እንዲህ ነው።

አሁን በዚያው በእናቴ ግቢ እኔ አከራይ ነኝ። በጋሼ ሰይድ ክፍል ጠጉር የምትሠራ ወጣት ትኖራለች፤ ኪራይዋን የምትልከው በስልክ ነው። ሲመጣ ስልኩ ይጮኻል፣ ሲቀር ዝም ይላል፣ ከዝምታው ደግሞ የሚደመጥ ነገር የለም። ጎረቤቶቼ የሦስት ወር ቅድሚያ አስከፍይ ይሉኛል።

ትናንት በዝናቡ መካከል የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁ፣ የእግር ድምፅ ግን አልተከተለም። በመስኮት ሳይ ልጅቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጭቃው ላይ ታልፋለች። አልጠራኋትም። ጠጉሬ ሳስቷል፣ ከተሠራሁም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ነገ ጧት ግን ማበጠሪያዬን ይዤ እወጣና፣ ከግቢው መካከል ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራታለሁ።