የአንድ ሰው ምሳ

ይህን የማወራው ሊያስቃችሁ ይችላል ብዬ ነው፤ ለምስጋናም ጭምር ነው።

ስኳር እንዳለብኝ ሐኪሙ ከነገረኝ በኋላ፣ ጤናማ ምሳ ቢሮ ድረስ የሚያመጣ ቤት ባሕር ዳር ውስጥ ማፈላለግ ጀመርሁ። አንዱ ሁሉን ነገር ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ሌላው ምሳን ለመክሰስ ያደርሳል። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ አገኘሁ፤ የጣናን ዓሣ ያለ ዘይት አብስላ፣ ጎመንና ምስር ጨምራ በሰዓቱ ትልካለች። እሷን መረጥሁ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በእኛ ቢሮ አምስታችንም የምንበላው አንድ ትሪ ከበን ነው። ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ብቻዬን መጉረስ አቃተኝና "እንብላ" አልሁ። ዓሣው ዓይኔ እያየ አለቀ። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ የእነሱን ፓስታና ቅቤ የበዛበት ሽሮ በላሁ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው ሆነ። ሕመሜን ግን ለማንም አልተነፈስሁም፤ "ትንሽ ልቅጠን ብዬ ነው" ነበር ያልኋቸው።

ተስፋ ቆርጬ ሴትዮዋ ጋ ደወልሁና ምሳው ይቅርብኝ አልኋት።

"የነገውን ብቻ ይቀበሉኝ" አለች።

በማግስቱ ባጃጁ አምስት ምሳ ዕቃ አራገፈ። ተሳስተው ነው ብዬ ልመልስ ስል፣ ገንዘብ ያዣችን እትዬ ዘውዴ ክዳኑን እየከፈቱ ሁሉንም ትሪው ላይ ገለበጡት።

"እኛ ነን ያዘዝነው" አሉ። "ባሌን በስኳር ያስታመምሁ ሴት ነኝ፤ ከእኔ ትደብቃለህ? ብቻህን መብላት ካልሆነልህ፣ አብረንህ እንታመማለን። በል ጉረስ።"